ጓዳንና እልፍኝን የለየው ግድግዳ

የታሪክ ጸሐፊ ስለ ቤት በጻፈ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ ቆሞ ይጽፋል። የግንቡን ቁመት፥ የበሩን ስፋት፥ የጣሪያውን ጉልላት ይመዘግባል፤ ገንቢውንና የተገነባበትንም ዘመን ይነግረናል። ወደ ውስጥ ዘልቆ «ይህ መካከለኛ ግድግዳ ማንን ከማን ለመለየት ቆመ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። የውጭ ግድግዳ ጥቅሙ ለሁሉ የታወቀ ነው፤ ዝናምን፥ ብርድን፥ አውሬንና ሌባን ይከለክላል። የውስጥ ግድግዳ ግን የሚከለክለው ባዕድን አይደለም። እንግዳን ከባለቤት፥ ሴትን ከወንድ፥ አገልጋይን ከጌታ፥ አንዳንድ ጊዜም ሰውን ከከብት ይለያል። ስለዚህ የአንድን ዘመን ሰው ኑሮ ለማወቅ የሚሻ ሁሉ ከውጭው ቅጥር ይልቅ የውስጡን ክፍልፍል ቢመረምር ብዙ ይማራል ብለን እናምናለን። በዚህች አጭር ጽሑፍም በአገራችን የቤት ውስጥ ግድግዳ እንዴት እንደ ተሠራና ምን እንደ ለየ በቅደም ተከተል ለማመልከት እንሞክራለን።

ከአክሱም እንጀምር። የአክሱም ሐውልቶች የቤት ምስል እንደ ሆኑ የታወቀ ነው። ወድቆ የተሰበረው ትልቁ ሐውልት ቁመቱ 33 ሜትር ያህል ሲሆን፥ የ13 ፎቅ ሕንፃ ሆኖ ተቀርጿል፤ በሩ፥ መስኮቱ፥ ከግድግዳው ወደ ውጭ ብቅ የሚለውም «የዝንጀሮ ራስ» የተባለው የወራጅ ጫፍ ሁሉ በድንጋዩ ላይ ይታያል። ዳሩ ግን ሐውልቱ የሚያሳየን የቤቱን ፊት ብቻ ነው፤ በሩም የድንጋይ በር ስለ ሆነ አይከፈትም። የውስጡን ነገር ለማወቅ መሬት መቈፈር ግድ ሆነ። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት የመጡት የጀርመን ሊቃውንት የታዕካ ማርያምን የመሰሉትን ታላላቅ ሕንፃዎች መሠረት ቈፍረው በወረቀት ነደፉ። ከስድሳ ዓመት ያህል በኋላም ፈረንሳዊው ፍራንሲስ አንፍሬ ሕዝቡ የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት የሚለውን የዱንጉርን ፍርስራሽ ገልጦ አወጣ።

ዱንጉር 50 ያህል ክፍሎች አሉት። በመካከሉ ከፍ ባለ መደብ ላይ የቆመ፥ በደረጃ የሚወጡበት ዋና ቤት አለ፤ በዙሪያው ግቢ፥ ከግቢው ባሻገር ደግሞ ተያይዘው የተሠሩ ብዙ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። ዛሬ ከግድግዳው የቀረው የታችኛው ክፍል ብቻ ነው። ቢሆንም ይህ ቅሪት ራሱ ይናገራል። ከውጭ የመጣ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ባለቤቱ ዘንድ አይደርስም ነበር፤ በር አልፎ፥ ግቢ አልፎ፥ ደረጃ ወጥቶ ነው። ግድግዳው ድንጋይን ብቻ ሳይሆን ሥርዓትንም የተሸከመ ነበር።

ይኸው ሥርዓት በቤተ ክርስቲያናችን አሠራር ውስጥ ጸንቶ ይታያል። ክብ ሆኖ የተሠራውን ቤተ ክርስቲያን የገባበት ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ውስጡ በሦስት ይከፈላል፤ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ። መቅደሱን የከበበው አራት ማዕዘን ግድግዳ የቤቱ ሁሉ ልብ ነው፤ ሠዓሊዎችም ስንክሳሩንና ወንጌሉን የሣሉት በዚሁ በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እንጂ በውጭው ላይ አይደለም። እንግዲህ በዚህ ስፍራ ግድግዳው ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ቅዱሱን ነገር ይሰውራል፤ በሚታየው ገጹ ደግሞ ማንበብ ለማይችለው ምእመን መጽሐፍ ሆኖ ያስተምራል። በበሩ ላይም መጋረጃ ተሰቅሏል፤ በጊዜው ይገለጣል፥ በጊዜው ይዘጋል።

መጋረጃን ካነሣን፥ በዚያ ዘመን ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ ከአገር አገር ይዘዋወሩ ስለ ነበር፥ የቤተ መንግሥቱ መካከለኛ ግድግዳ ጨርቅ እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባናል። በ1513 ዓ.ም. ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል ድንኳን የደረሱት የፖርቱጋል መልእክተኞች በመጀመሪያ ንጉሡን አላዩም፤ ቃሉ ከመጋረጃ ውስጥ በአፈ ቃል እየወጣ ይነገራቸው ነበር። ከብዙ ምልልስ በኋላ ነው መጋረጃው ተገልጦ ፊቱን ያዩት። ይህን ከመልእክተኞቹ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ጽፎታል። ክብር በድንጋይ ውፍረት ብቻ የሚመዘን ቢሆን ኖሮ፥ ጣት የሚያሳልፍ ጨርቅ ያን ያህል ሰው አስፈርቶ ባላቆመ ነበር። ከዚህም የውስጥ ግድግዳ ኃይሉ ከተሠራበት ነገር ሳይሆን ሰዎች ለእርሱ ከሚሰጡት አክብሮት የሚመነጭ መሆኑን እንረዳለን።

አሁን ከነገሥታቱ ሰፈር ወጥተን ወደ ባላገሩ ቤት እንግባ። የደጋው ገበሬ ቤት ክብ ነው፤ በመካከሉ ምሰሶ ይቆማል፤ ወራጁና ማገሩ ከዚያ ላይ ተሰብስቦ የሣሩን ክዳን ይሸከማል። ክብ ቤት ለመክፈል አያመችም። ቀጥ ያለ ግድግዳ ብታቆሙበት ሁለቱ ጫፎቹ ከጐበጠው ግድግዳ ጋር በደኅና አይጋጠሙም፤ ማዕዘኑም ጠባብ ሆኖ ለዕቃም ለሰውም አይሆንም። ስለዚህ አባቶቻችን ምሰሶውን እንደ ምልክት እያዩ፥ ቤቱን ያለ ግድግዳ መክፈልን ተማሩ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ክፍያ በጎታ የሚደረገው ነው። እመቤቲቱ ከጭቃ፥ ከጭድና ከእበት አዋሕዳ በእጅዋ ያበጀችውን ረጅም የእህል ማኖሪያ በመደዳ ታቆማለች፤ ከጎታው ወዲህ ያለው እንግዳ የሚቀመጥበትና እሳት የሚሞቅበት፥ ከጎታው ወዲያ ያለው ጓዳ ይሆናል። የዓመቱ ቀለብ ራሱ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። በጥጋብ ዘመን የሞላው ጎታ ጓዳውን ይጋርዳል፤ በችጋር ዘመንም ባዶው ጎታ እንደ ቆመ ባዶነቱን ከእንግዳ ዓይን ይሸሽጋል። ቤት ገመና ከታች ነው የሚባለው እውነት መሆኑ በዚህ ይታወቃል።

በሌሎች የደጋ ስፍራዎችም ሁለት ክብ ግድግዳ፥ አንዱን በአንዱ ውስጥ አድርገው ይሠራሉ፤ በሁለቱ መካከል ባለው ዙሪያ ጥጃው ይታሰራል፥ ዕቃው ይቀመጣል፥ ልጆችም ይተኛሉ። በላስታ ደግሞ ከድንጋይ የተሠሩ ባለ ሁለት ደርብ ክብ ቤቶች አሉ፤ ከብቱ ከታች፥ ሰው ከላይ ያድራል፤ የከብቱም ሙቀት ወደ ላይ እየወጣ የሌሊቱን ቁር ያበርዳል። በዚህ ስፍራ የውስጡ ግድግዳ ተጋድሞ ወለል ሆነ ልንል እንችላለን። ቆጥ የሌለበት ቤት ግን ጥቂት ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው ተረት በሁሉ አፍ የሚገኘው፥ ቆጡ የሁሉ ቤት ዕቃ ማኖሪያ ስለ ነበረ ነው።

በምሥራቅ በኩል የሐረር ከተማ ሰዎች ቤት ከዚህ ሁሉ ይለያል። የጁገል ቅጥር በሚከብባት በዚያች ከተማ ቤቱ አራት ማዕዘን ሲሆን፥ ዋናው ክፍል ከፍና ዝቅ እያለ በተሠራ መደብ የተከፈለ ነው። መደቡንም ነደባ ይሉታል። ማን በየትኛው ነደባ ላይ እንደሚቀመጥ ማዕረጉ ይወስነዋል፤ ይህም ግድግዳ ሳያቆሙ በከፍታ ብቻ ሰውን ከሰው የመለየት ጥበብ ነው። በጎን ግን ኪርታት የሚባል ትንሽ ክፍል አለ፤ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት ስለ ሆነ ከዋናው ክፍል በግድግዳ ይለያል።

የጭቃውን ግድግዳ አሠራር ደግሞ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንመልከት፤ ይህ ዕውቀት ከእጅ ወደ እጅ እንጂ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ያልተላለፈ ነውና፥ ሳይጻፍ እንዳይጠፋ ያሰጋናል። በመጀመሪያ ግድግዳው የሚያልፍበት መሥመር በገመድ ይለካል፤ በመሥመሩም ላይ ጉድጓድ ተቈፍሮ ቋሚው እንጨት ይተከላል። ብልህ ሠራተኛ የቋሚውን እግር ምስጥ እንዳይበላው አስቀድሞ በእሳት ይለበልበዋል። ቀጥሎ ማገሩ በግራና በቀኝ አግድም እየተደረገ በልጥ ይታሰራል፤ ምስማር በገበያ ከተገኘ ወዲህ ግን በልጥ ፋንታ ምስማር ገባ።

ጭቃው ለብቻው ሌላ ሥራ ነው። አፈሩ ከሣር ሥርና ከጠጠር ተለይቶ፥ ከጤፍ ጭድ ጋር በውሃ ይለወስና በእግር ይረገጣል፤ ከዚያም ጥቂት ቀን እንዲቦካ ይተዋል። ሲቦካ ጭዱ ይለሰልሳል፥ ጭቃውም ይጣበቃል። ጭዱ የሚገባበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ጭቃ ሲደርቅ ይሰበሰባል፥ ሲሰበሰብም ይሰነጠቃል፤ ጭዱ ግን በየአቅጣጫው ይዞ ስንጥቁን ያጠብበዋል። የመጀመሪያው ምርግ በማገሩ መካከል ተጠቅጥቆ ሲደርቅ፥ ሁለተኛው ቀጠን ብሎ ይለጠፋል፤ በመጨረሻም እበት የተቀላቀለበት ልስን ገጹን ያለሰልሰዋል። ጎረቤት በደቦ ተሰብስቦ አንዱ ሲረግጥ፥ ሌላው ውሃ ሲቀዳ፥ ሌላው ሲመርግ ሥራው በጨዋታ ያልቃል።

ነገር ግን በቆመ ቤት ውስጥ አዲስ ግድግዳ የሚያቆም ሰው አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። እርጥብ ጭቃ በደረቅ ጭቃ ላይ አይጣበቅም። አዲሱ ግድግዳ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት ስፍራ አሮጌው ልስን መፋቅና በውሃ መራስ፥ የአዲሱም ማገር ከአሮጌው ቋሚ ጋር መታሰር አለበት። ይህ ሳይደረግ የቀረ እንደ ሆነ፥ ክረምት ወጥቶ በጋ ሲገባ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ስንጥቅ ይከፈታል። የቀደሙት ሠራተኞች ይህን ስንጥቅ ሲያዩ ግድግዳውን ሳይሆን ሠራተኛውን ይወቅሱ ነበር።

በሣር ክዳን ቤት የውስጡ ግድግዳ እስከ ጣሪያ አይደርስም ነበር፤ የምድጃው ጢስ በላዩ አልፎ በሣሩ ውስጥ መውጣት ነበረበትና። ጢሱ ባለፈበት ግን ድምፅም ያልፋል። ስለዚህ ጓዳው ዓይንን እንጂ ጆሮን አይከለክልም። በጓዳ ያለችው ሴት በእልፍኝ የሚነገረውን ሁሉ ትሰማለች፤ እርስዋ ግን አትታይም፥ አትጠየቅምም። «ወንድ ወደ ችሎት፥ ሴት ወደ ማጀት» የተባለው አነጋገር ከጭቃና ከእንጨት ሲሠራ ይህን መሰለ። በልጅነታችን እናታችን ከጓዳው ሆና የእንግዳውን ነገር ታዳምጥ እንደ ነበር እናስታውሳለን፤ ነገሩ ሳይጥማት ሲቀር ልጅ ጠርታ በጆሮው ሹክ ትለው ነበር፤ ልጁም ለአባቱ ያደርሳል፤ አባትም አሳቡን የራሱ አስመስሎ ይናገር ነበር። እንዲህ ሆኖ ስንት ዕርቅ ተፈጸመ፥ ስንት ክርክር በረደ! የታሪክ መጽሐፍ ግን የመዘገበው በእልፍኝ የተናገረውን ብቻ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ የቤቱ መልክ መለወጥ ጀመረ። በ1880ዎቹ መጨረሻ የባሕር ዛፍ ተክል ገብቶ ተስፋፋ፤ ቶሎ የሚያድግ፥ ቀጥ ያለና ረጅም እንጨት በየደጁ ተገኘ። በ1909 ዓ.ም. የምድር ባቡር ከተማይቱን ከደረሰ ወዲህ ደግሞ ቆርቆሮውም ምስማሩም እንደ ልብ ይመጣ ጀመር። ቀጥ ያለ እንጨትና አራት ማዕዘን ቆርቆሮ ደግሞ አራት ማዕዘን ቤት ይሻሉ። አራት ማዕዘን ቤት እንደ ክቡ ቤት ለመክፈል አያስቸግርም፤ አንድ ግድግዳ ቢያቆሙበት ሁለት ክፍል፥ ሁለት ቢያቆሙበት ሦስት ክፍል ይሆናል። ስለዚህ የኪራይ ቤት፥ በመደዳ የተሠራ ሰርቪስ ቤት፥ ሳሎንና መኝታ ቤት የሚባሉት ሁሉ ከዚህ ለውጥ ተወለዱ። ኮርኒስ፥ ጀሶና ብሎኬት የሚሉት ቃላት ከጣልያንኛ መምጣታቸውም ከየት የመጣ የአሠራር ልማድ እንደ ተቀላቀለበት ያስረዳል።

በከተማው የጭቃ ግድግዳ ላይ ጋዜጣ በዱቄት ሙጫ መለጠፍ የተለመደ ነበር። ልስኑ እንዳይረግፍ ይይዛል፥ ቤቱንም ያደምቃል። ከዚህም የተነሣ ብዙ ልጆች ፊደል ከቈጠሩ በኋላ ንባብን ያጠኑት ከመኝታቸው ትይዩ ካለው ግድግዳ ላይ ነው። እኛም ከነዚያ ልጆች መካከል ነበርን። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ያስተማረውን ያህል፥ የጓዳውም ግድግዳ በድርሻው አስተምሯል።

በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት እንዲሆን አዋጅ ቁጥር 47 በወጣ ጊዜ፥ የውስጥ ግድግዳ ታሪክ ሌላ ምዕራፍ ከፈተ። ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ቤቱ ጠባብ ነው፥ ቤተ ሰቡ ይበዛል፤ ልጅ ያገባል፥ ዘመድ ከአገር ቤት ይመጣል፤ አዲስ ቤት ግን አይገኝም። ስለዚህ ሰው ወደ ጎን መስፋት ቢያቅተው ወደ ውስጥ መከፋፈልን ያዘ። አንዱ ክፍል በቺፑድ ለሁለት፥ ሁለቱ ለአራት ተከፈለ። እኛ በተማሪነታችን ጊዜ የተጠጋንበት ቤት እንዲህ ያለ ነበር። በቺፑዱ ግድግዳ ጫፍ ላይ አንዲት ቀዳዳ ተከፍታ አንድ አምፑል ተንጠልጥሎባት ነበር፤ ብርሃኑ ለሁለት ክፍል ይበቃል። ከወዲህ እኛ ስናጠና፥ ከወዲያ ሁለት ሙሽሮች ይኖራሉ። መብራቱን ማጥፋት የፈለገው ወገን አስቀድሞ በጣቱ ግድግዳውን ቆርቆር ያደርጋል፤ ከወዲያ ደግሞ «እሺ» የሚል መልስ ይመጣል። በዚያ ቤት ግድግዳውን ያጸናው ውፍረቱ አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። በልብነ ድንግል ድንኳን የነበረውን መጋረጃ ያጸናው ያው አክብሮት በዚህ በድሆች ቤት መካከል ቆሞ አየነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ በኮንዶሚኒየም ስም የታወቁት የጋራ መኖሪያ ቤቶች በብዛት ሲሠሩ፥ ሸክሙን የሚሸከመው የብረትና የሲሚንቶ ምሰሶ ሆነ፤ የውስጡ ግድግዳ ራሱን ብቻ የሚሸከም ቀላል ነገር ሆኖ ቀረ። ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት፥ አግሮስቶን የተባለውም ሳንቃ፥ በኋላም ጂፕሰም ቦርድ በጭቃው ፋንታ ገቡ። ቀላል ግድግዳ ለመሥራት ይፈጥናል፥ ወለሉንም አያከብድም፤ ነገር ግን ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነውና፥ ቀላሉ ግድግዳ የጎረቤትን ሳል አሳልፎ ያሰማል። ስለዚህ ጂፕሰም የሚያቆም ሰው በሁለቱ ገጽ መካከል የሚሞላ ነገር ቢያስገባ፥ ከወለሉና ከጣሪያውም ጋር በሚገናኝበት ክፍተት ሳይተው ቢደፍን ይጠቀማል። የቆመውን ለማፍረስ የሚያስብ ደግሞ መዶሻ ከማንሣቱ በፊት ያ ግድግዳ ራሱን ብቻ የሚሸከም መሆኑን ከባለሙያ ይጠይቅ። ምክንያቱም በአንድ ቤት ውስጥ የፈረሰ ነገር በላይኛው ፎቅ ያለውን ቤተ ሰብ ሊጎዳ ይችላልና።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። በአዲሶቹ ቤቶች መካከል ብዙዎቹ ማድቤቱን ከሳሎኑ ሳይለዩ ተሠርተዋል። እናት ሽንኩርት ስታቁላላ ለእንግዳው ትታያለች፤ አሳብዋንም በልጅ ጆሮ ሳይሆን በራስዋ አፍ ትናገራለች። በብዙ መቶ ዓመታት የቆመው የማጀት ግድግዳ ያለ አንዳች ክርክር በአንድ የሕንፃ ንድፍ ወደቀ። ሆኖም የበርበሬው ቁሌት ሶፋውን ስላሸተተ፥ ብዙ ባለቤቶች ቁልፍ በተቀበሉ በማግሥቱ ግድግዳውን መልሰው ሲያቆሙ እናያለን። ባለ አንድ ክፍሉን ቤት ያገኙትም በአልጋቸውና በእንግዳ ወንበራቸው መካከል መጋረጃ ዘርግተዋል። ከድንኳኑ የተነሣው መጋረጃ ብዙ ዘመን ዞሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ደረሰ።

እኛ በዚህ አንፈርድም። ግድግዳ ማቆም ብቻውን ክፉም ደግም አይደለም። ለታመመች አያት ጸጥታን፥ ለተማሪ ልጅ ትኵረትን፥ ለባልና ለሚስት ገመናን የሚሰጥ ግድግዳ በረከት ነው፤ ሰውን ከነአሳቡ ከጀርባ የሚያስቀር ግድግዳ ግን ከቤቱ ላይ የተወሰደ ዕዳ ነው። ልዩነቱ ያለው በጭቃው ወይም በጂፕሰሙ ላይ ሳይሆን፥ መሥመሩ በገመድ ሲለካ በተጠየቀውና ባልተጠየቀው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ግድግዳ ሊያቆም የተነሣ ሰው ከእንጨትና ከምስማር ዋጋ አስቀድሞ ከወዲያ በኩል የሚቀረው ማን እንደ ሆነ ያስብ፤ እርሱንም ጠይቆ ይጀምር።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ እናቀርባለን። አሮጌዎቹ ሰፈሮች በየዕለቱ እየፈረሱ ነው። የነገሥታቱን ግንብ የሚጠብቅ ሕግ አለው፤ የቀበሌውን ቤት ቺፑድና የባላገሩን ጎታ ግን የሚጠብቅ የለም። የዱንጉርን ክፍሎች ለማወቅ የውጭ ሊቃውንት አፈር መቈፈር ነበረባቸው። እኛ ግን ዛሬ ቤቱ ቆሞ፥ ባለቤቶቹም በሕይወት ሳሉ ወረቀትና እርሳስ ይዘን፥ ግድግዳው በየት በኩል እንዳለፈ፥ ማን ከወዲህ፥ ማን ከወዲያ ይኖር እንደ ነበር ጠይቀን ብንጽፍ፥ ለልጆቻችን ቍፋሮውን እናቀልላቸዋለን። ከጓዳ ወጥቶ ያልተሰማው ድምፅም ምናልባት ያን ጊዜ ይሰማ ይሆናል።